ሩዝ የሌለበት አይቆጠርም

ሴፕቴምበር 1፣ ሰኞ

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። ዛሬ ጃሮ ገበያ ውስጥ ድምፅ ማጉያው የገና መዝሙር ሲለቅ ሰማሁ። በዓሉ አራት ወር ይቀረዋል! እዚህ ፊሊፒንስ፣ ኢሎኢሎ ከተማ ውስጥ ሴፕቴምበር ከገባ ሰው ሁሉ የሚያስበው ድግስ ነው። ለእኔ ግን ዛሬውኑ ረሃብ ታዘዘልኝ።

የምርመራው ውጤት መጣ። ኩላሊቴ ለወንድሜ ለሮሜል ይሆናል። ደማችን ይስማማል፣ ሌላውም ሁሉ ይስማማል። እናታችን ናናይ ሰባ ሦስት ዓመቷ ነው፤ በዚህ ዕድሜ አይወስዱም። ከእኔ በቀር ሌላ እህት ወንድም የለውም። ዶክተሩ እንኳን ደስ ያለዎት ብሎ ይጨብጠኛል ብዬ ስጠብቅ ወደ ሚዛኑ ጠቆመኝ። ሰማንያ ሁለት ኪሎ።

«በዚህ ክብደት አልነካዎትም» አለኝ። «ማደንዘዣውም ቁስሉም ያሰጋኛል። ጃንዋሪ አጋማሽ ላይ ሰባ አራት ሆነው ይምጡ። የሚበሉትን ካሎሪ ይቁጠሩ፤ በቀን ከአንድ ሺህ አምስት መቶ አይለፉ።»

«እኔ እኮ የሂሳብ አስተማሪ ነኝ» አልኩት በኩራት።

«እንግዲያውስ ምን አሳሰበኝ!»

ሮሜል ወደ ኮሪደሩ ሲወጣ ዶክተሩ ድምፁን ዝቅ አደረገ። የወንድሜ ልብ እየደከመ ነው። በእጥበት ብቻ ብዙ አይገፋም። ሁለት ዓመት ሙሉ በሳምንት ሁለቴ ማሽን ላይ ተጋድሞ ደሙ ሲታጠብ ኖሯል፤ ጂፕኒ ታክሲ መንዳቱን ከተወ ቆየ። ከማሽኑ ሲነሣ ፊቱ አመድ ይመስላል።

በመልስ መንገድ ላይ ግን የሚስቀው እሱ ነው። «ማናንግ፣ ሰው ለሰው ደሙን ሲሰጥ ሰምቻለሁ። ቦርጩን የሚሰጥ ግን አንቺን አየሁ።» ታላቅ እህቱ ስለሆንኩ ማናንግ ይለኛል። ሲሰድበኝም ማናንግ ብሎ ነው።

ሴፕቴምበር 5፣ ዓርብ

ስልኬ ላይ ካሎሪ መቁጠሪያ አስገባሁ። የበላሁትን እጽፋለሁ፣ እሱ ይደምራል። ሩዜን በሻይ ስኒ እየለካሁ ነው የምቀዳው። ናናይ ስታየኝ አንገቷን ነቀነቀች፤ በጦርነቱ ጊዜ እንኳ ሩዝ እንዲህ ተለክቶ አይታወቅም አለች። ጦርነቱን አልደረሰችበትም።

ዛሬ፦ ቁርስ ሩዝና የተጠበሰ ዓሣ፣ ምሳ ሩዝና አትክልት፣ እራት ሩዝና ሾርባ። አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሰማንያ። ከታዘዝኩት በታች! ይህን ያህል ቀላል መሆኑን ባውቅ ኖሮ የዛሬ አሥር ዓመት ቀጭን ነበርኩ።

ሴፕቴምበር 18፣ ሐሙስ

በችኮላ። ክፍል ልገባ ነው። ሚዛኑ ወይ ፍንክች። ሰማንያ ሁለት። ምናልባት ሚዛኑ ተበላሽቶ ይሆናል።

ሴፕቴምበር 26፣ ዓርብ

በመምህራን ክፍል የኔኒታ ልደት ነበር። ኔኒታ አጠገቤ የምትቀመጥ የታሪክ አስተማሪ ናት፤ ምላሷ ከጠመኔ ይፈጥናል። ዕድሜ ያስረዝማል ተብሎ ኑድል ቀረበ፣ በልደት ቀን ኑድል አልበላም ማለት ዕድሜሽ ይጠር ማለት ነው። መክሰስ ስለሆነ ሁለት ሳህን በልቼ፣ ዳቦ ውስጥም ጨምሬ በላሁ። ከዚያ ደጃፍ ላይ ጫማዬን ሳስር ኔኒታ ከውስጥ ስታወራ ሰማሁ፦

«ለወንድሟ ኩላሊት ልትሰጥ ነው አሉ። እኔ ግን የምታደልብለት ጨጓራውን መሰለኝ።»

ሁሉም ሳቁ። ገብቼ ልናገራት አሰብኩ፤ ተውኩት። በዚህ ሦስት ሳምንት አንድም ቀን ከተፈቀደልኝ አላለፍኩም። ስልኬ ይመስክር።

እራት ሩዝ ግማሽ ስኒ ብቻ። ናናይ «ፔርላ፣ በላሽ?» ስትለኝ «ከጠዋት ጀምሮ ምንም» አልኳት። ተርቤያለሁ፣ ውሸት አይደለም።

ኦክቶበር 3፣ ዓርብ

ሰማንያ አንድ ነጥብ ስምንት። አንድ ወር ሙሉ ተርቤ ሁለት መቶ ግራም! ካሎሪ መቁጠር የሀብታም አገር ተረት ነው። ሰውነቴ ሌላ ሂሳብ ነው የሚያውቀው። ለሮሜል አልነገርኩትም። ከእጥበት ሲመለስ የጂፕኒ ጣቢያው አጠገብ ባቾይ የሚባለውን የኑድል ሾርባ በላን፤ እሱ ኑድሉን ቀማምሶ ተወው፣ መረቁ አይፈቀድለትም። የእሱን ጨረስኩለት፣ ምግብ መጣል ነውር ነው።

ኦክቶበር 11፣ ቅዳሜ

ሮሜል ሐሙስ ሌሊት ትንፋሽ አጥሮት ሆስፒታል ወሰድነው። ሳንባው ውሃ ቋጥሯል። ኩላሊቱ ስለማይሠራ የሚጠጣው ሁሉ እዚያው ይቀራል፤ ለዚህ ነው በቀን ከአንድ ትንሽ ጠርሙስ በላይ የማይፈቀድለት። ነርሶቹ ምን ያህል ጠጣህ ሲሉት በእናቱ ማለ፦ ከጠርሙሱ አላለፍኩም። ማሽኑ ግን ያንን ሁሉ ውሃ ከእሱ ነው ያወጣው። እኔም ዶክተሩን ተቆጣሁት፣ ልጁ አይዋሽም ብዬ።

ዛሬ ከሆስፒታል ወጣን። ሙቀቱ አይቻልም። መንገድ ላይ ቱሮን ገዛሁ፤ ሙዝ በቀጭን ሊጥ ተጠቅልሎ በስኳር የሚጠበሰውን። እየበላሁ ቤት ገብቼ ዓሣ ላወጣ ማቀዝቀዣውን ብከፍት፣ ከዓሣው ሥር በላስቲክ የታሰረ በረዶ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ተደርድሯል።

«ሮሜል! ይሄ ምንድን ነው?»

«በረዶ ነዋ።»

«ትምጠዋለህ?»

«አልፎ አልፎ፣ ሲሞቅ።» እዚህ አገር የማይሞቅበት ቀን የለም።

«ልትሞት እኮ ነበር! እኔ አንተን ለማዳን አንጀቴ ታጥፎ፣ አንተ እዚህ ውሃ…»

«ውሃ አልጠጣሁም ማናንግ! በረዶ እኮ ነው። በረዶ ይበላል እንጂ ይጠጣል እንዴ?»

አንተ ደንቆሮ፣ አንተ ሞኝ፣ ያልሰደብኩት የለም። ዝም ብሎ እጄን ያያል። «እሱስ?» አለ።

«የቱ?»

«ቱሮኑ። ስልክሽ ላይ ጽፈሽዋል?»

«ይሄ መክሰስ ነው!»

«እና መክሰስ አይቆጠርም?»

«ሩዝ የለበትም እኮ!»

ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት። እሱም ሰማው። መጀመሪያ እሱ ጀመረ፣ ከዚያ እኔ፣ ወለሉ ላይ ተቀምጠን ሳቅን። እሱ እየሳቀ ያስላል፣ እኔ እየሳቅኩ አለቅሳለሁ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ።

እዚህ አገር እንዲህ ነው። ባቾይ በዳቦ ጠርገህ በልተህ ቤት ገብተህ «በላህ?» ብትባል፣ «ገና» ነው የምትለው። ሩዝ ካልነካህ አልበላህም። እኔም መቁጠሪያው ላይ «ምን በላሽ» የሚለውን ሳነብ የጻፍኩት በላሁ የምለውን፣ ሩዝ ያለበትን ብቻ ነው።

አሁን ቁጭ ብዬ የአንድ ቀን መክሰስ ደመርኩ። የጠዋቱ ጣፋጭ ቡና ከነዳቦው፣ የአራት ሰዓቱ፣ የዘጠኝ ሰዓቱ፣ ኔኒታ ቅመሺ ያለችኝ፣ ሮሜል የተወው። ከቁርስ ከምሳና ከእራቱ ድምር በለጠ። ሃያ ሁለት ዓመት ሂሳብ አስተማርኩ! ለዚህ ስሕተት ተማሪዬን ዜሮ ነው የምሰጠው።

በረዶው ተጣለ። እሱ ቀዩን ልሰናበተው ብሎ ለመነኝ። አልፈቀድኩም።

ኦክቶበር 24፣ ዓርብ

ሰማንያ ነጥብ አንድ። ይሠራል! የማስገባውን ሁሉ ስጽፍ ይሠራል። ለካ ሚዛኑ ጤነኛ ነበር። ረሃቡ ግን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመጣል፣ እንደ ግብር ሰብሳቢ። ኔኒታ «እንብላ!» ስትለኝ አመሰግናለሁ ብዬ ወደ ሜዳው እወጣለሁ። ምቀኛ ትለኛለች።

ኖቬምበር 1፣ ቅዳሜ

የሙታን ቀን። እንደ ሰው ሁሉ አባታችን መቃብር ላይ ምንጣፍ ዘርግተን፣ ሻማ አብርተን በላን። ናናይ ሌሊቱን ሙሉ ስታበስል አድራለች። በዚህ ሰሞን ሌላ ሆናለች፤ ከጠረጴዛው ሳህን አይነሣም። «አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ» ትለኛለች።

አባታችን ለሐሞት ጠጠር ነው ሆስፒታል የገባው። ቀላል ነው ተባለ። በእግሩ ሄዶ፣ ኮፍያውን ለሮሜል ሰጥቶ…

ስለዚህ አልጽፍም። ኢቦስ ሁለት፣ በኮኮናት ወተት የተቀቀለ ሩዝ ነው፣ ሩዝ ስለሆነ ድሮም ይቆጠር ነበር። ጻፍኩት።

ኖቬምበር 14፣ ዓርብ

ሰባ ሰባት ነጥብ ዘጠኝ!! ሮሜል አጨበጨበልኝ። ጎረቤት ሁሉ ሰማ። «ማናንግ፣ ትንሽ ስትቀጥኚ አንገት እንዳለሽ አየሁ» አለ። በዚህ ከቀጠልኩ ከጃንዋሪ በፊት እደርሳለሁ። ኩላሊት ሰጪዎችን የምትከታተለው ነርስ፣ ሲስተር ጆይስ፣ ደውላ የቀዶ ጥገና ክፍሉን ማየት ከፈለጉ አሳይዎታለሁ አለችኝ። አመሰገንኳት። ጊዜ የለኝም።

ኖቬምበር 16፣ እሑድ

ዝናብ። ባቾይ፣ ሁለት ጎድጓዳ ሳህን፣ ከነመቅኒው። ዝናቡ ነው፣ ሰው በዝናብ ምን ይበላል?

ኖቬምበር 19፣ ረቡዕ

የፈተና ወረቀት በዝቷል፣ ሲደክመኝ ይርበኛል። ጻፍኩት፣ ምንም አልደበቅኩም። ሁለት ሺህ ስምንት መቶ።

ኖቬምበር 25፣ ማክሰኞ

ሲስተር ጆይስ ለብቻዬ ጠራችኝ። ሰጪ ሁሉ እንዲህ ለብቻው ይጠየቃል። በሩን ዘጋች።

«ይፈራሉ?»

«አልፈራም።»

«ብዙ ሰው ይፈራል እኮ።»

«እኔ አልፈራም አልኩ።»

«እሺ። ግን ሐሳብዎን ከቀየሩ፣ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ፣ ለእኔ ብቻ ይንገሩኝ። ለቤተሰቡ የምንናገረው ሕክምናው አልፈቀደላትም ብለን ነው። ምክንያቱን ማንም አይጠይቅም።»

ደሜ ፈላ። እኔ ማን መስያት ነው? ወንድሜ ነው! ስወጣ ግን ያ ቃል ከጆሮዬ አልወጣም። ሕክምናው አልፈቀደላትም። ክብደቷ አልፈቀደላትም። ማንም አይጠይቅም።

በር ላይ ካለችው ሴትዮ ሦስት ቱሮን። ተናድጄ ነው።

ዲሴምበር 5፣ ዓርብ

ሰባ ዘጠኝ። ሮሜል ቁጥሩን አይቶ ሚዛኑን በእግሩ ወደ አልጋው ሥር ገፋው። ያ አንጀቴን በላው። እግሩ አብጧል፤ ጫማው አልገባ ብሎት በነጠላ ጫማ ነው የሚሄደው። ምን ዓይነት እህት ነኝ? ሁሉን እየቆጠርኩ፣ ሁሉን እያወቅኩ እበላለሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ምን ማለቴ እንደሆነ አላውቅም። ደክሞኛል።

ዲሴምበር 17፣ ረቡዕ

ከንጋት ቅዳሴ ስንመለስ ናናይ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ቢቢንካ ገዛች፤ በሙዝ ቅጠል ላይ የተጋገረ የሩዝ ኬክ፣ ቅቤው ገና የሚንጨረጨር። ሦስት ነው የገዛችው። ሁለቱን እኔ ፊት አስቀመጠች። ሮሜል ተኝቷል። ዛሬ አላስቻለኝም።

«ናናይ፣ ዶክተሩ ያለውን ታውቂ የለ? ለምንድን ነው እንዲህ የምታበይኝ?»

«ሴት ልጅ አጥንቷ ሲወጣ ያስጠላል።»

«ሰባ ዘጠኝ ኪሎ ላይ አጥንት የት አየሽ? እንዳልደርስ ነው የምታበይኝ። እንዳይቀበሉኝ!»

እጇን በሽርጧ ጠረገች። አልካደችም። «አባትሽን በእግሩ ሰጠኋቸው፣ በሳጥን መለሱልኝ። አሁን ያሉኝን ሁለት ልጆች በአንድ ቀን ላስረክባቸው?»

«ሮሜል እኮ ይሞታል!»

«የማላውቅ መሰለሽ? ቅዳሴ ቆሜ እሱን አድንልኝ እላለሁ፣ ቤት ገብቼ ለአንቺ አበስላለሁ። እግዜርም ግራ ገብቶታል።» ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «እኔስ አቀረብኩ። የበላሽው ግን አንቺ ነሽ። አንቺ ለምን በላሽ?»

ቢቢንካውን እንዳለ ትቼ ወደ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ክፍል ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቁጥር እየጻፍኩ እሱኑ አሰብኩ። አንቺ ለምን በላሽ?

ዲሴምበር 18፣ ሐሙስ

ነገርኩት። ከእጥበት ሲመለስ ደረጃው ላይ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ሮሜል፣ እፈራለሁ።»

«ምኑን?»

«ሁሉን። መቀደዱን። መተኛቱን። እንደ አባባ አለመነሣቱን። ኪሎዬ በቀነሰ ቁጥር ቀኑ እየቀረበ ይመስለኛል፣ ያኔ እበላለሁ። እያወቅኩ አይደለም። ወይም እያወቅኩ ነው።»

አንገቱን ደፍቶ ነጠላ ጫማውን አየ። እንዳዘነብኝ፣ እንዳጣሁት ነበር የቆጠርኩት። ከዚያ በረጅሙ ተነፈሰ።

«ተመስገን! እኔን ሲያስፈራኝ የከረመው አለመፍራትሽ ነው። ሆዱን ሊቀዱት ቀጠሮ ይዞ የማይፈራ ምን ዓይነት ሰው ነው? የዕብድ ኩላሊት ሊገባልኝ ነው እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ እኮ።»

መታሁት።

«የእውነቴን ነው ማናንግ፣ ተይው ብትይ አልቀየምም። ቂም ያስጠማል፣ ለእኔ ደግሞ ውሃ አይፈቀድም።»

«ተውኩት አላልኩም። እፈራለሁ ነው ያልኩት።»

«እኔም እፈራለሁ። በየቀኑ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አንቺ አልነበርሽማ የምትፈሪው! ለማን ልንገር?»

ጨለማ እስኪሆን እዚያው ተቀመጥን። እፎይ ማለት ምን እንደሆነ ረስቼው ነበር። ዛሬ እራት የበላሁት ስለራበኝ ነው። አንድ ሳህን ነው፣ ከዚያ በቃኝ።

ዲሴምበር 22፣ ሰኞ

ለሲስተር ጆይስ ደውዬ እፈራለሁ አልኳት። «በመጨረሻ!» አለችኝ። ዛሬ ከቀዶ ሐኪሙ ጋር አስቀመጠችን፤ ናናይንም ወሰድኳት። ሐኪሙ በሥዕል ሲያስረዳ ናናይ አቋረጠችው።

«ልጄ፣ አንተ ይሄን ስንት ጊዜ ሠርተሃል?»

«ከመቶ በላይ፣ እናቴ።»

«ከሰጪዎቹ ስንቱ በሳጥን ወጣ?»

«አንድም።»

«ማልልኝ።»

ማለላት። ለአባታችን ያኔ ያልተደረገውን ምርመራ ሁሉ አንድ በአንድ ነገራት። በጂፕኒው ውስጥ እጄን ይዛ አልለቀቀችኝም። ቤት ስንደርስ የሻይ ስኒውን ከእጄ ነጥቃ ሩዙን ራሷ ለካችልኝ። ከስኒው አፍ የተረፈውን በጣቷ ጠረገችው!

ዲሴምበር 25

ገና። ናናይ በድግሱ መሀል «እሷን አትስጧት!» እያለች በዘመድ ላይ ትጮኻለች። የአክስቴ ልጆች ተቀየሙ። አንድ ቁራጭ ኬክ በላሁ፣ በደስታ፣ ቆጥሬ።

ጃንዋሪ 15፣ ሐሙስ

ሰባ አራት ነጥብ ሁለት። ጫማዬን፣ ጉትቻዬን፣ የፀጉር መያዣዬን አውልቄ ነው። ሰዓቴንም ላወልቅ ስል ዶክተሩ ሳቀ። የደም ግፊቴን፣ ስኳሬን ሁሉ አየ። «ለሁለት መቶ ግራም ብዬ ሰው አልመልስም» አለ። ፈረመ።

ኔኒታ በመምህራን ክፍል ሁሉ ፊት ጠየቀችኝ፦ «እውነቱን ንገሪን፣ ይሄ ካሎሪ መቁጠር ይሠራል?»

«ይሠራል» አልኳት። «ሁሉን ከቆጠርሽ። እኔ ግን ግማሹን የበላሁት ከፍርሃት ነው፤ እሱ ደግሞ ስልኩ ላይ አይጻፍም።»

ኔኒታ ሹካዋን አስቀመጠች። ሳህኗን ራቅ አደረገችልኝ። ለእሷ ይሄ ይቅርታ ነው።

ፌብሩዋሪ 4፣ ረቡዕ

ነገ ጠዋት። እፈራለሁ። ሮሜልም ይፈራል። ተነጋግረናል።

ፌብሩዋሪ 6፣ ዓርብ

ተጋድሜ ነው የምጽፈው፣ ግን መጻፍ አለብኝ።

ትናንት ስነቃ መጀመሪያ ያሰብኩት «ነቃሁ» ብዬ ነው። ጎኔ ያቃጥላል። አፌ ደርቋል። ሲስተር ጆይስ ግንባሬን እየዳሰሰች «ደህና ነዎት፣ ሁሉም ደህና ነው» ትላለች። ሮሜልስ ልላት ድምፅ አልወጣልኝ አለ። የእሱ ገና አልታወቀም፤ ኩላሊቱ መሥራት አለመሥራቱ የሚታየው ከተገጠመ በኋላ ነው አለችኝ። ጣሪያውን እያየሁ ተኛሁ። ያን ያህል ጸልዬ አላውቅም።

ከዚያ ከኮሪደሩ ጩኸት ሰማሁ። የእናቴ ድምፅ ነው፤ ልነሣ ሞከርኩ። በሩ ተከፈተና ናናይ፣ በቤተ ክርስቲያን ልብሷ፣ ጫማዋ አንዱ ወልቆ፣ ሁለት ጥበቃ ተከትሏት ገባች።

«ሸና!» አለች። «ፔርላ፣ ልጄ ሸና! ሁለት ዓመት ጠብታ ያልወጣው ልጄ፣ ገና አልጋው ላይ እንዳለ፣ ከረጢቱን ሞላው! ዶክተሩ ራሱ አሳየኝ! በዓይኔ አየሁት፣ ቢጫ ነው፣ ንጹሕ ቢጫ!»

ከማዶ አልጋ የተኛችው ሴትዮ «እልልታ ነው እንዴ?» አለች። የታማሚ ዘመድ ሁሉ ከየክፍሉ ብቅ ብቅ አለ። ናናይ ለእያንዳንዱ ነገረችው። ጥበቃዎቹን አቀፈቻቸው። በሆስፒታል ኮሪደር ስለ ልጇ ሽንት እየጮኸች የምታለቅስ የሰባ ሦስት ዓመት ሴት፣ እናቴ።

ሳቅኩ። ስፌቱ የሚፈታ መሰለኝ፣ ሲስተር ጆይስ ሆዴን በትራስ ደግፋ «አይሳቁ፣ አይሳቁ» ትለኛለች፣ እሷም እየሳቀች። ማቆም አልቻልኩም።